ሁለት ጾም በአንድ በጀት

እኔና ሸሪኬ ድሬ ከተማ የሠርግ ዕቃ እናከራያለን። ሁለት መቶ አርባ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሠላሳ ጠረጴዛ፣ አራት ድንኳን፣ ስምንት የድግስ ብረት ድስት፣ በየሠርጉ ቁጥሩ እየቀነሰ የሚመለስ ሹካና ማንኪያ አለን። ዕቃው የሚቀመጠው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር፣ ሸሪኬ በተከራየችው ግቢ ውስጥ ነው። እኔ የምኖረው ከዚራ፣ ድሮ የባቡር ሠራተኞች ከነበሩባቸው ቤቶች በአንዱ ጓሮ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ነው። በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ሁለታችንም ወደዚህ ሥራ የገባነው ከሌላ ሥራ ተባርረን ነው ማለት ይቻላል። እኔን ያባረረኝ ፋብሪካ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሒሳብ ክፍል ሠርቼ፣ ሠራተኛ ሲቀነስ ስሜ ከሚቀነሱት ጋር ተለጠፈ። እሷን ያባረሯት ጉልበቶቿ ናቸው። ቀፊራ ገበያ መሬት ተቀምጣ ጨርቅ ስትሸጥ ኖራ፣ አንድ ቀን ልነሳ ስትል ጉልበቶቿ እንቢ አሉ። የተገናኘነው የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ወንበር አንሶን ከየጎረቤቱ እየለመንን ስንራወጥ፣ ድሪያ የሚባለውን ሰፊ ስስ ቀሚስ የለበሰች አንዲት የማላውቃት ሴት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«አባዮ፣ በዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ይዳራል፣ መቀመጫ ግን የለም። ወንበር ያለው ሰው እንጀራ ይበላል፣ ወላሂ!»

አባዮ በሱማልኛ እህቴ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ እኔም እሷን እንደዚያው። በወሩ የእኔን የስንብት ገንዘብና የእሷን የጨርቅ ገንዘብ አንድ ላይ አድርገን የመጀመሪያዎቹን መቶ ወንበሮች ገዛን።

ሥራውን በአፍና በእጅ ተከፋፈልነው። አፉ የእሷ ነው። ሱማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪኛ፣ አማርኛ፣ ከዓረብኛም የተወሰነ ታውቃለች፤ አንዱን ደንበኛ በሱማልኛ ሰላም ብላ፣ በኦሮምኛ አስቃ፣ በአማርኛ ዋጋ ትቆርጥለታለች። እጁ የእኔ ነው፤ እኔ እጽፋለሁ። እሷ አማርኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። ቁጥር ግን ከእኔ ቀድማ ታነባለች።

ሁለት ዓመት እንዲህ በጭንቅላቷና በደብተሬ ከሠራን በኋላ፣ አምና ነሐሴ ላይ «በጀት የሌለው ንግድ መሪ የሌለው መኪና ነው» አልኳት።

«መሪው እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«አንቺ ነዳጁ ነሽ።»

ደስ ያላት ይመስለኛል። ባለአራት ማዕዘን መስመር ያለው ትልቅ ደብተር ገዝቼ ሦስት ቀን ተቀምጬ ሠራሁት። ያለፈውን ዓመት ገቢ ደመርኩ፣ ትንሽ ጨመርኩበት፣ ለአሥራ ሁለት አካፍዬ በየወሩ እኩል እኩል ደለደልኩት። ወጪውንም እንደዚያው። ፋብሪካ የለመድኩት እንዲያ ነው፤ ማሽን ክረምት ከበጋ አይልም፣ ማሽን አይጾምም። ሲያልቅ እንዴት ያምር ነበር! በቀይ አስምሬ፣ ድምሩን ሁለቴ ከብቤ፣ ለሸሪኬ አሳየኋት። አገላብጣ አየችውና «ጽሕፈትሽ ጥልፍ ይመስላል» አለችኝ። ስለ በጀቱ የሰጠችው አስተያየት ይኸው ነበር።

እስከ ታኅሣሥ ድረስ በጀታችንና ኑሯችን ጎን ለጎን ሄዱ። ጥር ሲገባማ ደብተሩ ጠበበን። በአንድ ቅዳሜና እሑድ አራት ሠርግ! ሁርሶ ድረስ ሄደን ድንኳን ተከልን። ሐርላ አንድ ሠርግ ላይ ወጥ የፈሰሰበትን ወንበራችንን ፍየል ሲልሰው አይተን በሳቅ ሞትን። ዕቃ የምታጥብልን ሴት እጇ እስኪላጥ አጠበች። የወሩ ገቢ ከታቀደው እጥፍ ሲጠጋ፣ እኔው በገዛ አፌ «ትርፉ ተቀምጦ ምን ያደርጋል? ስልሳ ወንበርና አንድ ድንኳን እንጨምርበት» አልኩ። የካቲትም ያው ወር ነው፣ ደብተሩ ላይ ከጥር እኩል ተጽፎለታል። ገዛን።

በየካቲት ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ገቡ።

ይህን እንዴት አላየሽም ትሉኝ ይሆናል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ክርስቲያኑ እንደማይዳር አውቃለሁ፤ ድሬ ተወልጄ አድጌ ረመዳን ላይ ሠርግ እንደሌለም አውቃለሁ። ግን እስከዚያ ድረስ እነዚህ ሁለት ዕውቀቶች ጭንቅላቴ ውስጥ በተለያየ ክፍል ይኖሩ ነበር። ባለፉት ዓመታት የእኛ ሰዎች ሲጾሙ የእሷ ሰዎች ይዳሩ ነበር፤ የእሷዎቹ ሲጾሙ ከእኛ በኩል ጥቂት ይንጠባጠብ ነበር። ወንበራችን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ከዳር እስከ ዳር ጸጥ አለ። ስልኩ እንደ ሞተ ሰው ተጋደመ። ሁለት መቶ አርባ ወንበር እርስ በርሱ ተደራርቦ፣ ከግቢው ግንብ በላይ አንገቱን አውጥቶ መንገደኛውን ያያል።

ሦስት ሳምንት ታገስኩ። የአጣቢዋ ደሞዝ አለ፣ የዘበኛው አለ፣ ለግቢው የምንከፍለው አለ፣ ግብር አለ። በአራተኛው ሳምንት ዓርብ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ደብተሬን ይዤ መጋላ ሄድኩ። እሷ ጎህ ሳይቀድ ሱሁሯን በልታ፣ ሰግዳ ኒሟ ሥር ተቀምጣለች፤ ግቢው መሃል ያለችው ትልቅ ዛፍ ማለቴ ነው። እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ስለዚህ የሚቀርብም የሚጠጣም ነገር ሳይኖር፣ ሁለት ወንበር ከቁልሉ አውርደን በቀጥታ ወደ ሥራ ገባን።

«ዛሬ በጀቱን እንከልሳለን» አልኳት።

«ምን ሆኖ?»

«ታሟል።»

«ሀዬ፣ እሺ፣ አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። የታቀደ፣ የተገኘ፣ ልዩነት እያልኩ ወር በወር ወረድኩ። የካቲት ላይ ስደርስ «ከሠርግ፣ የተገኘ ባዶ» አልኩ። «ከለቅሶ፣ ያልታቀደ፣ የተገኘ ይህን ያህል።» የእኛ እድርም የእነሱ አፎሻም የየራሳቸው ድንኳን አላቸው፤ ወንበር ግን ሁሌም ያንሳቸዋል፣ ያኔ ወደ እኛ ይመጣሉ። በወሩ ውስጥ አራት ለቅሶ ወንበር ወስዶ ነበር። የወሩ ገቢያችን በሙሉ እሱ ነው።

ማታ ያዘጋጀሁትን አዲሱን ገጽ ገለጥኩ። ከመጋቢት እስከ ሰኔ የተስተካከለ በጀት። ፊደል ባታነብም ጣቷን ቁጥር ላይ አሳረፈች።

«ይቺ አራት ምንድናት?»

«እ… በወር አራት።»

«አራት ምን?»

«ለቅሶ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «የማን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ የማን! በአማካይ ነው። ባለፈው ወር አራት ነበረ፣ ስለዚህ…»

«አባዮ፣ እኔ የዚህን ሰፈር ሰው በሙሉ አውቀዋለሁ። አራቱን ንገሪኝና ቀድሜ ሄጄ ልሰናበታቸው።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። እኔም እንደ ሒሳብ ሠራተኛ መከራከር ጀመርኩ። ሰው መሞቱ አይቀርም፣ ወንበር መፈለጉ አይቀርም፣ የማይቀር ነገር በጀት ውስጥ ይገባል፣ ይህ የማንም እርግማን አይደለም አልኳት። ተናግሬ እስክጨርስ ጠበቀችኝና ቀስ ብላ ተናገረች።

«ባለፈው ሰኞ ስልክ ተደወለ አይደል? ሰማንያ ወንበር ለለቅሶ ያለው ሰውዬ?»

«አዎ።»

«ስልኩ ሲጮህ ደስ አለኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሰማንያ ወንበር ሲለኝ ደግሞ ደስ አለኝ። ከዚያ ማን እንደሞተ ጠየቅኩት። ቀፊራ ሃያ ዓመት ጎኔ ተቀምጣ ሽንኩርት የሸጠች ሴት ናት። ልጄን ስወልድ ዕቃዬን የጠበቀችልኝ። በእሷ ሞት ደስ ብሎኝ ነበር፣ ገባሽ? ለሁለት ደቂቃ።»

ገብቶኛል። ምክንያቱም እኔም በዚያው ሰኞ፣ ስለ ሰማንያው ወንበር ስትነግረኝ፣ ከዚራ በረንዳዬ ላይ ሆኜ «እሰይ!» ብያለሁ።

«እኔ ለቅሶ ስሄድ እያለቀስኩ ወንበር መቁጠር አልፈልግም» አለች። «ከገቢ አውጪው።»

«ካወጣሁት ጾሞቹ እስኪያልፉ ገቢ የሚባል ነገር አይኖርም እኮ።»

«ይውጣና ከዚያ እናስባለን።»

እስክሪብቶ ስለሆነ አይጠፋም። በላዩ ላይ ደማቅ መስመር ሳብኩበት። መስመሩን ስስብ የተሰማኝን እውነቱን ልናገር፤ ግማሹ እፎይታ፣ ግማሹ ድንጋጤ ነበር። የጾሙ ጊዜ ገቢያችን አሁን በወረቀትም ባዶ ሆነ።

እንደዚያ አንገታችንን ደፍተን ተቀምጠን ሳለ የግቢው በር ተንኳኳና አንድ ሽማግሌ ገቡ። ፊታቸው ጠቁሯል፣ ከንፈራቸው ደርቋል፣ ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። አላውቃቸውም። ድምፃቸው በጣም ዝቅ ብሎ «ልጆቼ፣ መቶ ወንበር ለነገ ማግኘት ይቻላል?» አሉ።

ሸሪኬ ጉልበቷን ረስታ ብድግ አለች። አሁን ስለ ለቅሶ የተናገረችው ሁሉ ገና አየሩ ላይ አለ። ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ «ኢና ሊላሂ! ወይኔ አባቴ! መቼ?» አለች። እኔም ተከትዬ «እግዚአብሔር ያጥናዎት ጋሼ፣ ነፍስ ይማር፤ ይቀመጡ፣ ኧረ ይቀመጡ» ብዬ ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። ሽማግሌው ተቀመጡ። አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። ሸሪኬ ዕንባዋ መውረድ ጀምሯል።

«ነገ ነው» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ሦስት ሰዓት ላይ።»

«ገና አልተቀበሩም?» አልኩ።

«ማን?»

«ሟች።»

«የትኛው ሟች? ኧረ አቦ! እኔ የመጣሁት ለስብሰባ ነው። የባለባጃጆች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ አለን። አምና ወንበር አንሶ፣ የቆመው ከተቀመጠው ጋር ተጣልቶ፣ ጉባኤው ምንም ሳያጸድቅ ተበተነ። ዘንድሮ ኃላፊነቱ እኔ ላይ ወደቀና ይኸው ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ።»

ሸሪኬ ዕንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ወደ ኒሟ ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቼ እያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ ስትዞር ሳቅ አፍኗታል። ከዚያ እኔ አልቻልኩም። ከዚያ ሽማግሌውም። ሦስት ጾመኞች በባዶ ሆዳችን እስኪያመን ሳቅን። ሲወጡ «እድሜ ይስጣችሁ፣ ለእኔ እንዲህ የሚያለቅስ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር» አሉን።

ከሄዱ በኋላ ሸሪኬ ደብተሩን ከእጄ ወሰደችና ባዶውን ቦታ በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

«ስብሰባ ይጾማል?»

«አይጾምም።»

«ረመዳን ሲገባ ስብሰባ ይቀራል? ሁዳዴ ሲገባ ይቀራል?»

«ኧረ ይብሳል እንጂ!»

«እንግዲያ ጻፊ።»

ጻፍኩ። «ከስብሰባ» ብዬ አዲስ ረድፍ ከፈትኩ፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ቁጥር ግን ባዶ ተውኩት፣ ምክንያቱም የዚያን ቀን ጥዋት ስለ አማካይ በቂ ትምህርት አግኝቼ ነበር። መጀመሪያ እንጠይቅ፣ ከዚያ እንሞላለን ተባባልን።

ወደ ወጪው ስንዞር ፀሐይዋ ወንበራችን ሥር ደርሳለች። እዚህ ላይ የበላይነቱ የእኔ መሆኑ ነው ብዬ ተመቻቸሁ። መጀመሪያ የጭነት ወጪ። ለእያንዳንዱ ጉዞ፣ ሁለት መንገድ ማዶ ላለ ሠርግ እንኳ፣ ፒክአፕ እንከራይ ነበር። ሁርሶ ለሄድንበት ሠርግ ያወጣነውን ሳሰላው፣ ኪራዩን መኪናው በልቶት እኛ ለሙሽሮቹ በነፃ ድንኳን የተከልን ያህል ነው። ከተማ ውስጥ በጋሪ፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ ደንበኛው መኪናውን ራሱ ያምጣ ብለን ወሰንን። የሰበረ ወይም ያጠፋ ይክፈል የሚለውን ሕግም ከአፍ ወደ ወረቀት አወረድነው።

ቀጥሎ «የወንበር እርጅና» የሚለውን አነበብኩ።

«ወንበር ያረጃል?»

«ያረጃል። በየዓመቱ ከዋጋው ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለመተኪያ በየወሩ ትንሽ እናስቀምጣለን።»

«ይሄ ጥሩ ነው» አለች ጉልበቷን እያሻሸች። «ለእኔም እንዲህ የሚያስቀምጥልኝ ቢኖር!»

ከዚያ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ደረስን። «ልዩ ልዩ» አልኩና ቁጥሩን ቶሎ ብዬ አልፌ ገጹን ልገልጥ ስል እጇን ጣል አደረገችበት።

«ቆይ ቆይ። ይህ ልዩ ልዩ የሚባለው ሰውዬ ማነው?»

«ሰው አይደለም።»

«ከአጣቢዋ በላይ ይወስዳል። ከዘበኛው በላይ ይወስዳል። ከአንቺም ከእኔም በላይ ይበላል። ቤተሰብሽ ነው?»

ፊቴ ጋለ። በአሥራ ስምንት ዓመት የፋብሪካ ሕይወቴ የሰዎችን «ልዩ ልዩ» እያገላበጥኩ «ይህ ይብራራ» እያልኩ በቀይ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። አሁን የራሴ እንዲብራራ ተጠየቀ። ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጬ አንድ በአንድ አነበብኩላት። ከከዚራ መጋላ የተመላለስኩበት ባጃጅ። የስልክ ካርድ፤ የሥራውም የእህቴም። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲያቃጥለኝ የጠጣሁት የፓፓያ ጭማቂ። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ እዚያው ልዩ ልዩ ውስጥ፣ ጥር ላይ ለሠርግ ስንሄድ የለበስኩት ጫማ። ጫማውን ሳነብ እግሬን ወንበሩ ሥር ሰበሰብኩ።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ወደ እግሬ ጎንበስ ብላ አየች።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ቆንጆ ነው። ግን ጫማ ከሆነ ጫማ ብለሽ ጻፊው።» ትንሽ አሰበችና እሷም ወደ ኑዛዜው ገባች። ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለአክስት ልጅ ያበደረቻቸው ወንበሮች አሉ፤ አንዱም ደብተሬ ላይ የለም። ሃያ ይሁን ሠላሳ አታስታውስም። «ልመልሳቸው ሄጄ ሰው ተቀምጦባቸው አገኘሁ። ተነሱ ማለት አፈርኩ።»

እኔ በጽሑፍ፣ እሷ በቸርነት፣ እኩል አጥፍተን ነበር። ለሁለታችንም የታወቀ ትንሽ የወር ገንዘብ ቆረጥን፤ ጭማቂ ልጠጣበት፣ ካርድ ልሙላበት፣ ከዚያ ሌላ ግን አይነካም። የተበደሩትን ወንበሮች ደግሞ እኔ እንድሰበስብ ተስማማን፤ እኔ ማንንም ስለማላውቅ ተነሱ ማለት አላፍርም። በሁለት ቀን ሃያ ስድስት ወንበር ሰበሰብኩ። አንዷ ሴትዮ የእኔ ናቸው ብላ ስትከራከር ቆይታ፣ ከሥሩ የጻፍነውን ምልክት ሳሳያት ሦስቱንም ሰጥታኝ ለኢፍጣር ካልቆየሽ ብላ ያዘችኝ።

የቀረው የለቅሶ ጉዳይ ነበር። ሸሪኬ በነፃ ይሁን አለች። እኔ ጋሪውና አጣቢዋ በነፃ አይሠሩም አልኩ። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ መሃል ላይ ተገናኘን፤ ለቅሶ ያለበት ሰው የጋሪና የማጠቢያ ብቻ ይከፍላል፣ ለወንበሩ አይከፍልም፣ ከዚያ በላይ ወጪ ቢያስወጣን ደግሞ ከትርፋችን ይቀነሳል። ረድፉን ከገቢ አንስቼ ወጪ ውስጥ ጻፍኩት። «ስንት ልበል?» ስላት «ባዶ በዪው። ከመጣ ይጨመራል፤ ካልመጣ አልሐምዱሊላህ» አለች። በሙያዬ እንዲህ ያለ የበጀት ረድፍ ጽፌ አላውቅም። ጻፍኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ጥዋት ጥዋት ስብሰባ ፍለጋ ወጣን። እሷ በአፏ፣ እኔ በደብዳቤዬ። የቁጠባ ማኅበራት፣ የወላጅ ኮሚቴዎች፣ ሥልጠና የሚሰጡ ቢሮዎች፣ መንገድ ላይ የጋራ ኢፍጣር የሚያዘጋጁ የሰፈር ወጣቶች፤ በየሄድንበት ወንበር የሚያንሰው ሰው አልጠፋም። የግማሽ ቀን ዋጋ አወጣንላቸው። ለስብሰባ ድንኳን አያስፈልግም፣ ድስት አያስፈልግም፣ ሹካ አይጠፋም፤ ወንበሩም ወጥ ሳይፈስበት ስለሚመለስ አጣቢዋ በጨርቅ አንዴ ታብሰውና ያበቃል። የመጋቢት ገቢያችን ከጥሩ የሠርግ ወር ግማሽ እንኳ አልሞላም፤ ግን ደሞዝ ከፈልን፣ ከኪሳችን አልጨመርንም። የባለባጃጆቹ ጉባኤም ዘንድሮ በሰላም ተጠናቀቀ። ሽማግሌው ራሳቸው መጥተው ነገሩን፤ ሊቀመንበር ተብለው ተመርጠዋል።

ዒድ ሲያልፍ የመጋላ ሠርግ ቀስ እያለ ጀመረ። ፋሲካ ሲያልፍ ደግሞ ከተማው በሙሉ ላዳር ላዳር አለ። ሁለት ወር የታፈነ ሙሽራ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ እኔ ከዚራ ላለ የምሳ ሠርግ ሁለት መቶ ወንበር ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ ሸሪኬ ደግሞ ለዚያው ዕለት አመሻሽ መጋላ ላለ ሠርግ ሁለት መቶ ወንበር በቃሏ ሰጠች። የተነጋገርነው ቅዳሜ ነው። ያለን፣ የተመለሱትን ጨምሮ፣ ሁለት መቶ ስልሳ ስድስት ነው።

«አንዱን እንሰርዝ» አልኩ።

«የሠርግ ቃል አይሰረዝም። ምሳ ምሳ ነው፣ ማታ ማታ ነው። ወንበሩ ይሂድና ይምጣ!»

እሑድ አሥር ሰዓት ላይ አምስት ጋሪ ከዚራ ጥላው ሥር አሰልፈን ቆምን። ሠርገኛው ግን መነሳት አይደለም፣ ገና እየሞቀው ነው። ሸሪኬ ድሪያዋን ሰብሰብ አድርጋ በቀጥታ ወደ ሙሽራዋ እናት ሄደች። ምን እንዳለቻት ከሩቅ አልሰማሁም፤ ያየሁት ሴትየዋ አፏን ይዛ ስትስቅ ነው። ከዚያ ማይኩን ከዘፋኙ ተቀብላ «ወገኖቼ! የተቀመጣችሁበት ወንበር ሌላ ሙሽራ እየጠበቀው ነው! ከእንግዲህ በዚህ ቤት የሚቀመጥ የለም፣ የሚጨፍር ብቻ!» አለች። እልልታው ቀለጠ። እንግዳው የተቀመጠበትን ወንበር ራሱ አንስቶ ወደ ጋሪው ያመጣ ጀመር። ሦስት ሚዜዎች ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ ቁልሉ ላይ ወጥተው እንዳይወድቅ ይዘው፣ እየዘፈኑ የደቻቱን ድልድይ ተሻገሩ። ፈረሶቹም የገባቸው ይመስል ሶምሶማ መቱ።

መጋላ ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች፣ ድንኳኑ ሥር ሴቶቹ ቆመው ይጠብቃሉ። ወንበሩ ሲራገፍ እዚያም እልል ተባለ። ሚዜዎቹን ሳትበሉ አትሄዱም ብለው አስቀሯቸው። እኔና ሸሪኬም የመጨረሻዎቹን ሁለት ወንበሮች ይዘን ድንኳኑ ጥግ ተቀመጥን፤ ከማለዳ ጀምሮ ስንቀመጥ የመጀመሪያችን ነው። ሩዙ በሥጋ፣ ሰላጣው፣ ሙዙ ከጎኑ፣ ሳህኑ ሙሉ መጣልን።

የወሩ ሒሳብ ሲዘጋ ጾሙ ያጎደለውን እንደሚሞላ በጭንቅላቴ ደምሬ ጨርሻለሁ፤ ልነግራት አፌን ስከፍት የሙሽራው አክስት አጠገባችን መጣች። እያፈረች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ናት።

«ይቅርታ አድርጉልኝ አባዮ፣ ሁለት አሮጊቶች ከሐርላ መጥተው መቀመጫ አጡ። እናንተ ጠንካራ ናችሁና…»

ሸሪኬ ቀድማ ተነሳች፣ ወንበሯን በአንድ እጇ አንስታ ሰጠቻት። እኔም ተነሳሁ። ድንኳኑን ተደግፈን ሳህናችንን ደረታችን ላይ ይዘን ቆመን በላን።